ዝናብ ሲዛባ የጋራ ውሃን ማስተዳደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ምንጭ፣ የእጅ ጉድጓድ፣ ቦኖ፣ ኩሬ ወይም ትንሽ የመስኖ ቦይ በጋራ ለሚጠቀሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በውሃ ኮሚቴ ውስጥ ላላችሁ፣ ገና ለተመረጣችሁ፣ ወይም ኮሚቴውን መጠየቅ ለምትፈልጉ። ጥያቄዎቹ ብዙ ቢሆኑም መልሶቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ የድርቅ ጊዜ ደንብ መጻፍ ያለበት ውሃ ሞልቶ ሰው ሁሉ ረጋ ባለበት ወቅት ነው። ሰልፉ ረዝሞ ሰው መገፋፋት ከጀመረ በኋላ የሚጻፍ ደንብ አይከበርም።

የአየር ንብረት ለውጥ ከእኛ ትንሽ ምንጭ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ያገናኘዋል። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ ዶፍ ይሆናል፣ ሳይዘንብ ሲቀር ደግሞ ሙቀቱ የአፈሩንና የኩሬውን እርጥበት ይመጠዋል። ብዙ ሰው «የዓመቱ ዝናብ እኮ አልቀነሰም፣ ታዲያ ምንጩ ለምን ደከመ?» ይላል። ልክ ነው፣ ድምሩ ላይቀንስ ይችላል። ግን ምንጭና የእጅ ጉድጓድ የሚኖሩት ቀስ ብሎ ወደ መሬት በሚሰርግ ውሃ ነው። በጥቂት ቀናት ተጠቅልሎ የሚወርድ ዶፍ ለመስረግ ጊዜ የለውም፤ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ይገባል። በዚያ ላይ በሁለት ዝናብ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ከረዘመ፣ መሬት ውስጥ ያለው ክምችት የሚሸፍነው ቀን ይበዛል።

ነገር ግን ሁሉንም በአየር ንብረት ላይ ማላከክ ልክ አይደለም። የምንጩ ራስጌ ተራቁቶ፣ ተጠቃሚው እጥፍ ሆኖ፣ ከጎን ሦስት ፓምፕ ተተክሎ ከሆነ ምንጩ የሚደርቅበት ምክንያት ከዝናቡ ውጭም አለ ማለት ነው። ይህን መለየት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ዝናቡን ማዘዝ ባንችልም የቀሩትን ማስተካከል እንችላለን።

ውሃችን እየቀነሰ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በመለካት። «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» የሚለው ወሬ ቁጥር ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም፣ ለእናንተም ቢሆን።

ለምንጭ የሚያስፈልገው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ብቻ ነው። ውሃው ሁሉ በአንድ ቱቦ እንዲወርድ አድርጋችሁ ጀሪካኑ በስንት ሰኮንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። በ40 ሰኮንድ ከሞላ ምንጩ በሰኮንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል፣ በ24 ሰዓት ደግሞ 43,200 ሊትር። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ ትንሽ የመሰለ ምንጭ ይህን ያህል ውሃ አለው ብሎ የሚገምት የለምና። ግን ልብ በሉ፣ ግማሹ የሚፈሰው ሌሊት ሰው ተኝቶ እያለ ነው። ማጠራቀሚያ ገንዳ ከሌላችሁ ያ ውሃ የእናንተ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሌላ ምንጭ ከመፈለግ በፊት የሌሊቱን ውሃ የሚያቆር ገንዳ መሥራት ይቀድማል።

ለጉድጓድ ደግሞ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት፣ በየግማሽ ሜትሩ ምልክት ያለው ንጹሕ ገመድ ይበቃል። ጠዋት ማንም ሳይቀዳ በፊት ለኩት፣ ጉድጓዱ ሌሊቱን አርፎ የሚያድርበት ከፍታ እሱ ነውና። ከሰዓት ከለካችሁት ግን የምትለኩት የሰዉን ቅዳት ነው።

ዝናብም ይለካ። ርካሽ የፕላስቲክ ዝናብ መለኪያ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ቦታ ተክሎ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማንበብ ነው። አንድ ልባም ተማሪ ይሠራዋል። ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ደብተር፣ በየወሩ፣ ሳታቋርጡ መዝግቡ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከየትኛውም ባለሙያ ሪፖርት የበለጠ ስለ ውሃችሁ ይነግራችኋል። ባለሙያ ሲመጣም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱኑ ነው።

ሰው ተስማምቶ የጋራ ውሃ ማስተዳደር ይችላል እንዴ? መጨረሻው ጠብ አይደል?

ይችላል፣ ለዘመናትም ሲያስተዳድር ኖሯል። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ያለ ግል ባለቤትና ያለ መንግሥት ትእዛዝ የጋራ መስኖን፣ ደንን፣ የዓሣ ማጥመጃን እንዴት እንደሚጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስትቀበል በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

በስፔን ቫሌንሲያ የመስኖ ገበሬዎች ራሳቸው የመረጧቸው ዳኞች በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ካቴድራሉ በር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ክርክሩ በቃል ነው፣ በአደባባይ ነው፣ ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል። እዚህ ላይ ትልቁ ትምህርት ይመስለኛል፦ እነዚህ ሰዎች መጣላት አላቆሙም። ጠብን ቶሎ፣ በርካሽና ሰው ሁሉ እያየ የሚፈቱበት ቦታ ግን አላቸው። ቅሬታ የሚሰማበት ቀን የሌለው የውሃ ኮሚቴ ቅሬታው በጨለማ ቱቦ በመቁረጥ ይገለጽበታል።

መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ምን ይግባ?

አብዛኛው ደንብ የሚጀምረው «የኮሚቴው ዓላማ» ብሎ ነው፣ ሁለት ገጽ ይሄድበታል። ያን አሳጥሩት። መጀመሪያ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በስም ይለይ፤ የቤቱ ብዛት፣ የሰዉ ብዛት፣ የከብቱ ብዛት። ይህ ካልታወቀ ስንት ሊትር ለማን እንደሚደርስ ማስላት አይቻልም። እንግዳና መንገደኛ እንዴት እንደሚስተናገድም ይጻፍ፤ በድርቅ ጊዜ ከሌላ ቦታ ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ ያኔ በር ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ መወሰን ይሻላል።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፣ የደረጃ ደንቡ። ከላይ የለካችሁት ቁጥር ጥቅም ላይ የሚውለው እዚህ ነው። ለምሳሌ ምንጩ 20 ሊትሩን በ40 ሰኮንድ እስከሞላ ድረስ ሁሉም እንደ ልቡ ይቀዳል፣ የጓሮ አትክልትም ይጠጣል። 60 ሰኮንድ ሲደርስ አትክልት ማጠጣት ይቆማል፣ ልብስ ማጠብ በተወሰነ ቀን ይሆናል። 80 ሰኮንድ ሲደርስ ውሃው በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን የተወሰነ ሊትር ይታደላል፣ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነው ከሁሉ ይቀድማል፣ ከብት ወደ ሌላ ውሃ ይነዳል። ቁጥሮቹን እንደ ራሳችሁ ምንጭ ቀይሩ። ሐሳቡ ግን ይኸው ነው፤ ገደቡ የሚጀምረው ሰብሳቢው ስለፈለገ ሳይሆን ሰዓቱ ስለተናገረ ነው። ይህ ኮሚቴውንም ያድነዋል፤ «እገሌ ጨከነብን» የሚል አይኖርም።

ለመነሻ የሚሆን መለኪያ ካስፈለጋችሁ፣ በአደጋ ጊዜ እርዳታ ላይ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ተደምሮ። ከዚያ በታች መውረድ ካለባችሁ ቢያንስ እየወረዳችሁ መሆኑን እወቁ፣ እርዳታ የምትጠይቁበት ጊዜም እሱ ነው።

ቅጣትም ይኑር፣ ግን በደረጃ። ለመጀመሪያ ጥፋት ምክር፣ ሲደጋገም መቀጮ፣ አልሰማ ካለ ለተወሰነ ጊዜ ከመስኖ ተራ መታገድ። የመጠጥ ውሃ ግን የቅጣት መሣሪያ አይሁን፤ ልጆችን የሚያስጠማ ቅጣት ቅጣት አይባልም። በአንድ ጊዜ ከባድ ቅጣት የሚጥል ደንብ ደግሞ ማንም ጎረቤቱ ላይ ስለማይጨክን መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው፤ ለምን እንከፍላለን?

መብት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ የመጠጥ ውሃና የንጽሕና አገልግሎት የማግኘት መብትን በውሳኔ አጽድቋል። ግን መብቱ «ነጻ ይሁን» አይልም፣ ማንም ሰው በዋጋ ምክንያት አይከልከል ነው የሚለው። ዝናቡን ማንም አይሸጥላችሁም፤ የምትከፍሉት ለቱቦው፣ ለመለዋወጫው፣ ለጠባቂው፣ ለክሎሪኑ ነው። መክፈል የማይችል ቤተሰብ ካለ ጉባኤው በስም አውቆ ነጻ ያድርገው፣ ሌላው ይሸፍንለት።

ክፍያው ከሚያስቆጣ በላይ ሰውን የሚያስቆጣው ገንዘቡ የት እንደገባ አለማወቁ ነው። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ገንዘብ ያዡና ቆጣሪ አንባቢው አንድ ሰው አይሁኑ። ከባንክ ማውጣት በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ለታማኙ ገንዘብ ያዥ ከለላ ነው።

ፓምፓችን ሁልጊዜ ይበላሻል። ምን እናድርግ?

የእጅ ፓምፕ የሚበላሸው ባብዛኛው በትንንሽ የጎማ ክፍሎች ምክንያት ነው። አፍሪዴቭን የመሰሉ ፓምፖች ሲነደፉም የታሰበው የመንደሩ ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲቀይራቸው ነው፣ በጥቂት ቁልፍ። ስለዚህ ፓምፑ እስኪቆም አትጠብቁ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚባለው ለፓምፕም ይሠራል። የጎማ ክፍሎቹን በዓመት አንዴ ሳይበላሹ ቀይሩ፣ ብሎኖቹን በየወሩ አጥብቁ፣ አንድ ሙሉ የመለዋወጫ ስብስብ መጋዘን ውስጥ ይኑር። ውሃ ለማምጣት ብዙ ምት የሚጠይቅ ከሆነ የሆነ ነገር እያለቀ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ፓምፑ ደህና ሆኖ ውሃ እያቆራረጠ የሚያመጣ ከሆነ ችግሩ ፓምፑ ላይ ላይሆን ይችላል፤ የጉድጓዱ ውሃ ከፓምፑ ሲሊንደር (ውሃውን ከሚስበው ክፍል) በታች ወርዶ ይሆናል። መካኒክ ከመጥራታችሁ በፊት የመለኪያ ደብተሩን ግለጡ።

ኮሚቴው ውስጥ ማን ይግባ?

ውሃ የሚቀዳው ሰው። በአብዛኛው ዓለም ውሃ የመቅዳቱ ሸክም ያለው ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ ነው። ምንጩ መቼ እንደሚደክም፣ የትኛው ሰዓት ላይ ሰልፍ እንደሚበዛ፣ የቱ ቱቦ እንደሚያፈስ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ታዲያ ስማቸውን ለሪፖርት መጻፍ አይበቃም። ገንዘብ ያዥነት፣ ሰብሳቢነትና የፓምፕ ጥገና ሥልጠና ለእነሱም ይሰጥ። ስብሰባውም ሴቶች ሥራ በሚበዛባቸው ሰዓት አይጠራ፤ ይህን ሳያስቡ «ሴቶች አይመጡም» ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ከምንጩ ርቆ የሚኖርና ከቦዩ ጫፍ ላይ ያለ ሰውም በግድ ይግባ። ችግሩ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ከላይ ያሉት ውሃውን ይጨርሱታል፣ ለእኛ አይደርስም። እንዴት እንስማማ?

ይህ የመስኖ ትልቁ ጥያቄ ነው። ላይኛው ቦይ ላይ ያለ ሰው ውሃውን ለመያዝ ጉልበት አያስፈልገውም፣ ቦታው ራሱ ጉልበት ሆኖለታል። ስለዚህ ስምምነቱ እሱንም የሚጠቅም ነገር ይፈልጋል። በኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት «ሱባክ» የሚባሉት የሩዝ ገበሬዎች ማኅበራት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ላይኛውና ታችኛው የሚተክሉበትን ጊዜ አብረው ይወስናሉ። ለታችኛው ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ ውሃ ይደርሰዋል። ላይኛው ምን ያገኛል? ማሳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያርፉ ተባይ የሚበላው ያጣል፤ ሁሉም በየፊናው ሲተክል ግን ተባዩ ከማሳ ማሳ እየተዘዋወረ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል፣ ለላይኛውም ይተርፋል።

እናንተ ጋ ጥቅሙ ሌላ ሊሆን ይችላል። የቦዩን ደለል ለመጥረግ የታችኞቹ ጉልበት ያስፈልጋል። ጠለፋው በጎርፍ ሲፈርስ ለመጠገን የሁሉም ሰው ያስፈልጋል። ይህን ቁጭ ብላችሁ ስትነጋገሩ በግልጽ አውጡት፦ «እኛ ለጥገና እንመጣለን፣ እናንተ ደግሞ በነዚህ ሌሊቶች ውሃውን ትለቁልናላችሁ።» ተራውን የሚያዞር አንድ የታመነ የውሃ አባት ይመረጥ፤ ተራውም በሰዓት ብቻ ሳይሆን በሚመጣው ውሃ መጠን ይከፋፈል። በድርቅ ጊዜ የአንድ ሰዓት ተራ የታችኛው ማሳ ላይ ሳይደርስ በቦዩ ውስጥ ሰርጎ ያልቃል። ያኔ ተራውን ማርዘምና ድግግሞሹን መቀነስ ይሻላል።

ያለንን ውሃ መጨመር ይቻላል?

ይቻላል፣ መሬት ውስጥ በማስቀመጥ። የውሃ ባንካችሁ የምንጩ ራስጌ ነው። እርከን፣ ውሃ የሚያሰርግ ቦይ፣ የታጠረና ሣር የያዘ ተዳፋት፣ ቦረቦር ላይ የድንጋይ ክትር፤ እነዚህ ሁሉ ዶፉን ያዘገዩትና እንዲሰርግ ያደርጉታል። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አትትከሉ፣ ብዙ ውሃ ይመጥጣል።

በሕንድ ራጃስታን፣ አልዋር አካባቢ፣ መንደሮች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ «ጆሃድ» የሚባሉ የአፈር ክትሮችን በብዛት ሠሩ። የደረቁ ጉድጓዶች ውሃ ያዙ፣ አርቫሪ የተባለው ወንዝም ተመልሶ መፍሰስ ጀመረ። ሥራውን የመሩት ራጄንድራ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ2015 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት አግኝተዋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የታሪኩ ግማሽ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ወንዙ ከተመለሰ በኋላ የመጣው ነው፤ የወንዙ ዳር መንደሮች የጋራ ሸንጎ አቋቁመው ሸንኮራ አገዳን የመሰሉ ብዙ ውሃ የሚፈልጉ ሰብሎችን መከልከል ነበረባቸው። የተጨመረው ውሃ ደንብ ካልተበጀለት አዲስ ፓምፕ መጥቶ ይጨርሰዋል።

የኩሬ ነገር ደግሞ በሒሳብ ይታይ። በሞቃት ቦታ ከክፍት ኩሬ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ በቀን 500 ሊትር፣ በአራት ወር ደግሞ 60,000 ሊትር ለፀሐይ ይገብራል። ስለዚህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ኩሬ አትቆፍሩ፤ ጠባብና ጥልቅ ይሁን፣ ከተቻለ ይሸፈን። አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ካላችሁ በኬንያ ኪቱይና ማቻኮስ እንደሚሠራው የአሸዋ ግድብ የተሻለ ነው። ግድቡ ላይ የሚሞላው አሸዋ ነው፤ ውሃው በአሸዋው መሐል ተቀምጦ ከትነት ይተርፋል፣ በመጠኑም ይጣራል።

የጣሪያ ውሃ ደግሞ ቀላል ስሌት አለው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። በ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ይወርዳል፣ የሚባክነው ተቀንሶ 800 ያህሉን መያዝ ይቻላል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ስለሚያጥብ ይደፋ።

ጎርፍ ካለፈ በኋላ ከጉድጓዳችን መጠጣት እንችላለን?

ወዲያው አይሆንም። ጥርት ብሎ ቢታይም። ጎርፍ የመጸዳጃ ቤትና የከብት ቆሻሻ ይዞ ይገባል። ጉድጓዱ ተቀድቶ ይጽዳ፣ በጤና ባለሙያ ወይም በውሃ ባለሙያ በክሎሪን ይታከም፣ ከዚያ ይመርመር። እስከዚያ ድረስ ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እንደ ፍሎራይድና ናይትሬት ያሉ የሟሙ ኬሚካሎችን አያስወግድም።

ለወደፊቱ የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ይለበስ፣ መፋሰሻ ይኑረው። መጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከተቻለ ከጉድጓዱ በታች ባለ ተዳፋት ላይ።

አንድ ድርጅት የሶላር ፓምፕ ሊሰጠን ነው። እንቀበል?

ተቀበሉ፣ ግን ደንቡን አስቀድሙ። የናፍጣ ፓምፕ ቢያንስ አንድ ልጓም ነበረው፤ ነዳጅ ያስወጣል፣ ሰው ቆጥቦ ይቀዳል። ፀሐይ ግን አታስከፍልም፣ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲስብ ሊውል ይችላል። በዚህ መንገድ ጥሩ ጉድጓድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊራቆት ይችላል። ከመተከሉ በፊት የጉድጓዱ አቅም በፓምፕ ሙከራ ይለካ፣ ቆጣሪ ይገጠም፣ ውሃው ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ፓምፑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይኑር። ለጋሹንም እነዚህን ጠይቁት፦ ሲበላሽ መለዋወጫው የት ይገኛል? ማን ይሠራዋል? ፓነሉን ከሌባ ማን ይጠብቃል? መልስ ከሌለው ጊዜ ስጡት።

ተጨማሪ ጉድጓድ ብንቆፍር አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። ግን ሁለት ጉድጓድ ከተቀራረበ የሚጠጡት ከአንድ ቋት ነው፤ አዲሱ ሲቀዳ አሮጌው ይጎድላል። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ (ሃይድሮጂኦሎጂስት) ሳያይ አትቆፍሩ። በባሕር ዳርቻ ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፣ ከልክ በላይ ሲቀዳ ጨዋማው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም።

ኮሚቴ ብቻውን የማይወጣው ነገር የቱ ነው?

ብዙ ነው፣ ይህን ማለትም ያስፈልጋል። «በባለቤትነት ስሜት ይያዙት» ተብሎ ለመንደሩ ተሰጥቶ የተረሳ ውሃ ተቋም በየትም ዓለም አለ። በነጻ የሚሠሩ አምስት ገበሬዎች የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር ሊያወጡ፣ የውሃ ናሙና ላቦራቶሪ ሊመረምሩ፣ ከላይ የመጣን ትልቅ እርሻ ሊያስቆሙ አይችሉም። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ መለካት፣ መከፋፈል፣ ማጽዳትና ጥቃቅን ጥገና ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው ማመልከቻ ስትጽፉ ደብተሩን አያይዙ፤ የሦስት ዓመት የምንጭ ልኬት፣ የተጠቃሚ ዝርዝር፣ የገቢና ወጪ ሒሳብ። ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጠይቁ፣ በዚያ ቀን ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።